አጫጆቹ በሉቭር፣ ቃራሚዎቹ በኦርሴ

ፓሪስ ሄዶ ሉቭር ሙዚየም የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሞናሊዛ ነው። እኔ ግን ስፈልግ የቆየሁት የሌዎፖልድ ሮቤርን አጫጆች ነበር። ስዊዘርላንዳዊው ሠዓሊ በ1830 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አጫጆች ፖንቲን ረግረግ ሲደርሱ ያሳየበት ትልቅ ሥዕል ነው፤ ወርዱ ከሁለት ሜትር ያልፋል።

እውነት ለመናገር ያምራል። ጋሪውን ሁለት ጎሾች ይጎትቱታል። ላዩ ላይ አንዲት ሴት ልጇን ታቅፋ ቀጥ ብላ ቆማለች። ከታች አንዱ የሙዚቃ መሣሪያ ይነፋል፣ ሌላው ይጨፍራል። ልብሳቸው የዓመት በዓል ነው። ቀረብ ብዬ ፊታቸውን አየሁት፤ ድካም የሚባል ነገር የለበትም። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ማጭድ የያዘ ሰው እንዲህ አይሆንም!

ፖንቲን ከሮም በስተደቡብ ያለ ሜዳ ነው፤ ያኔ የወባ አገር ነበር። ደሃው ለዕለት ጉርሱ ብሎ ከተራራ ወርዶ የሰው ስንዴ ያጭዳል፣ አጨዳው ደግሞ የሚደርሰው ሙቀቱና ንዳዱ በሚበረታበት ወቅት ስለሆነ ገንዘቡን ይዞ ሳይሆን በሽታውን ይዞ የሚመለሰው ብዙ ነበር። ረግረጉ በደንብ የደረቀው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1930ዎቹ ነው። ሥዕሉ ላይ ይህ ሁሉ የለም። በ1831 ፓሪስ ላይ ሲታይ ሕዝቡ ወደደው፣ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ገዛው። በ1830ው አብዮት ማግስት ለነገሠ ሰው የሚጨፍር ገበሬ ሳያስደስተው አይቀርም።

ከሰዓት ሴን ወንዝን በእግሬ ተሻግሬ ኦርሴ ሙዚየም ገባሁ። የፈረንሳዊው ሠዓሊ የሚሌ «ቃራሚዎች» እዚያ ነው፤ የ1857 ሥራ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሦስት ሴቶች ከአጨዳ የተረፈ ዛላ ይለቅማሉ። አንዷ የቃረመችውን ጭብጥ ወደ ኋላዋ፣ ወገቧ ላይ ይዛዋለች፤ ሌላኛዋ ቀና ለማለትም ሆነ ለማጎንበስ ያቃታት ይመስላል። የሩትን ታሪክ ያነበበ ሰው ቃርሚያ የማን እንጀራ እንደሆነ ያውቃል። ከሩቅ ክምሩ ይታያል፣ ጋሪው ሞልቷል፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠ አለቃ ሥራውን ይቆጣጠራል። ያ ሁሉ እህል ግን የእነሱ አይደለም። ብዙ ተቺዎች ያኔ ሥዕሉን አብጠለጠሉት። እኔ እዚያ ብዙ ቆምኩ። የሮቤር ሴት ታምራለች፣ የሚሌዎቹን ግን አመንኳቸው።

ከሄዳችሁ ሁለቱንም በአንድ ቀን እዩዋቸው፣ ሮቤርን አስቀድሙ። ሉቭር ማክሰኞ፣ ኦርሴ ሰኞ ዝግ ስለሆኑ ከረቡዕ እስከ እሁድ ባለው ሂዱ።