አንድ ፕላን፣ ብዙ መሬት

የመንግሥት ሕንፃዎችን ግንባታ በተቆጣጣሪ መሐንዲስነት ስከታተል በኖርኩባቸው ዓመታት ከስሌቱ ይበልጥ የከበደኝ፣ ለሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ሆኖ የተዘጋጀን ፕላንና በጀት በየቦታው ከሚለያየው መሬት ጋር ማስማማቱ ነው።

በአገራችን የመማሪያ ክፍሎችና ጤና ጣቢያዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በወጥ ፕላን ነው። አሠራሩ የቆየ ነው፤ የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኒክ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 ከተመሠረተ በኋላ፣ በስዊድን ርዳታ በየጠቅላይ ግዛቱ የተገነቡት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም በወጥ ፕላን የተሠሩ ነበሩ። አሠራሩን አልነቅፍም። የዲዛይን ወጪ ይቀንሳል፤ የገጠር ግንበኛም አንዱን ሕንፃ ከሠራ ሁለተኛውን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይሠራዋል።

ችግሩ ያለው ከመሬት በታች ነው። በብዙ የደጋና የወይና ደጋ አካባቢዎች፣ በአዲስ አበባም በቦሌና በአቃቂ በኩል የሚገኘው ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ከባድ ሕንፃ በክብደቱ እብጠቱን በመጠኑ ይቋቋማል፤ ፎቅ የሌለው ቀላል የመማሪያ ክፍል ግን ከአፈሩ ጋር አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይወርዳል፣ ግድግዳውም ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ውሉ 1.50 ሜትር ቆፍር ሲል ጥሩው አፈር የሚገኘው 3 ሜትር ላይ ከሆነ፣ ቁፋሮውን አስቁሞ፣ ጥቁሩ አፈር ወጥቶ ገረጋንቲ (የማያብጥ የተመረጠ ጠጠራማ አፈር) በየንብርብሩ እየተጠቀጠቀ እንዲሞላ ማዘዝና የለውጥ ትዕዛዙን፣ ማለትም ውሉ ላይ ያልነበረው ሥራ እንዲሠራ የሚፈቅደውን ሰነድ፣ ማስጸደቅ የተቆጣጣሪው ድርሻ ይሆናል። ትዕዛዙ እስኪጸድቅ ድረስ ሥራ ተቋራጩ ማሽኑን አቁሞ የቆመበትን ጊዜ ይቆጥራል፤ አሠሪው መሥሪያ ቤት ደግሞ ተጨማሪውን ገንዘብ ከየት እንደሚያመጣ ይጨነቃል። በዚህ መሐል በቃል የተሰጠ መመሪያ ዋጋ የለውም፣ በሳይት ቡክ (በግንባታው ቦታ በሚቀመጠው የመመሪያ መዝገብ) ላይ ተጽፎ መፈረም አለበት። ከዩኒቨርሲቲ አዲስ የሚመጡ ልጆች ቢም (አግዳሚ የአርማታ ተሸካሚ) አሳምረው ዲዛይን ያደርጋሉ፤ የውል ሁኔታዎችን አንብቦ ደብዳቤ መጻፍ ግን ሳይት ላይ የሚማሩት ነገር ነው።

የአርማታው ቁጥጥር በአንጻሩ ቀላል ነው፣ ተቆጣጣሪው በቦታው እስካለ ድረስ። ሶሌታ (ጠፍጣፋው የአርማታ ወለል) ከመሞላቱ በፊት የፌሮው ዲያሜትርና የስታፋው (ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚይዘው ቀለበት) ርቀት ይለካል፤ ከተሞላ በኋላ የሚታይ ነገር የለምና ሳይፈተሽ የሚሸፈን ሥራ አይኖርም። በሙሌቱ ቀን ዓይን የማይነቀለው ከውሃው ላይ ነው፣ ሠራተኛው ድብልቁ እንዲቀልለት ውሃ መጨመር ይወዳልና። ጎናቸው 150 ሚሊ ሜትር የሆኑ ኪዩቦች ተወስደው በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ይጨመቃሉ፤ ሲ-25 የተባለው አርማታ የሚጠበቅበትን 25 ሜጋ ፓስካል የመጨመቅ ጥንካሬ ማሟላቱ የሚመዘነው በ28ኛው ቀን ነው።

ከአፈሩ ያላነሰ የሚያስቸግረው የበጀት ዓመቱ ነው። በጀቱ ሐምሌ 1 ቀን ሲጀምር ምድሩ ጭቃ ነው። ጨረታው ወጥቶ፣ ተገምግሞ፣ ውል ተፈርሞ ቦታው እስኪረከብ ድረስ በጋው ይጋመሳል፤ ቁፋሮው ተጀምሮ ሥራው መልክ ሲይዝ ደግሞ ሰኔ ይደርሳል። ሰኔ 30 ቀን ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ስለሚመለስ፣ ያልተሞላ ሶሌታ እንደተሞላ ተቆጥሮ የክፍያ ሰርተፊኬት እንዲፈረም የሚጠይቁ ስልኮች ይበዛሉ። የሚጠይቁት ሰዎች ሁልጊዜ ሌቦች አይደሉም፤ ብዙዎቹ በሚቀጥለው ዓመት ገንዘቡ እንዳይቀር የሚፈሩ ቅን ኃላፊዎች ናቸው። ይህም እምቢ ማለቱን ከባድ ያደርገዋል። የሚፈረመው ግን በሜትር ተለክቶ በቴክኦፍ (የተሠራው ሥራ ልኬት በሚሞላበት ቅጽ) ላይ የሰፈረው ብቻ ነው።

ጊዜያዊ ርክክብ ከተደረገ በኋላ ብዙውን ጊዜ የአንድ ዓመት የጉድለት ማረሚያ ጊዜ ይሰጣል፤ በዚህ ጊዜ ከሥራ ተቋራጩ ክፍያ ለመያዣ ከተቀነሰው ገንዘብ የተወሰነው ሳይለቀቅ ይቆያል። የመጨረሻውን ፍተሻ እኔ በመጋቢት እንዲሆን እጠይቃለሁ፣ አፈሩ ደርቆ የተደበቀው ስንጥቅ የሚከፈተው ያኔ ስለሆነ። አሠሪ መሥሪያ ቤቶች ግን ሒሳባቸውን ለመዝጋት ሲሉ በአብዛኛው ሰኔን ይመርጣሉ።