በበረዶ ክምር ውስጥ እንዴት እንዳደርኩ

በአንድ የተራራ ጉዞ ሥልጠና ላይ ያለ ድንኳን የሚታደርበት መጠለያ ከበረዶ እንድንሠራ ታዘዝን። በረዶው እንደ ዱቄት የላላ ስለነበር፣ ኢግሉ ለሚባለው የበረዶ ቤት እንደሚደረገው በጡብ መልክ ተቆርጦ የሚደረደር አልነበረም፤ ያለን አማራጭ በአካፋ ከምሮ ክምሩን ከውስጥ መፈልፈል ብቻ ነበር።

ሁለት ሜትር ያህል ከመርኩና ላቤ ሳይደርቅ መቆፈር ጀመርኩ። ብዙም ሳልገፋ ጣሪያው ተንዶ ከራሴ እስከ ወገቤ ቀበረኝ፤ ውጭ የነበረው ጓደኛዬ በእግሬ ጎትቶ አወጣኝ። በአካፋ የተገለባበጠ በረዶ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተያይዘው እስኪጠነክሩ ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል መቆየት ይፈልጋል፤ እኔ ግን ሩብ ሰዓት እንኳ አልታገሥኩም። ከዚያ ወዲህ ውጭ የሚጠብቀኝ ሰው ሳይኖር ቆፍሬ አላውቅም።

ሁለተኛውን ክምር ሁለት ሰዓት ተውኩት። እስከዚያው 30 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ ቀጫጭን እንጨቶች ቆርጬ ዙሪያውን ወደ መሃል ሰካኋቸው፤ ከውስጥ ስፈለፍል የእንጨቱ ጫፍ ብቅ ሲል፣ ግድግዳው ከዚያ በላይ መሳሳት ስለሌለበት፣ ወደ ሌላ ጎን እዞር ነበር። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ታች እንዲወርድ መግቢያውን ከመኝታው ዝቅ አደረግሁት። ጣሪያውንም ውኃው በግድግዳው ላይ እንዲወርድ በጓንቴ አለሰለስኩት፤ ሳላየው የቀረ አንድ ጉብታ ግን ሌሊቱን ሙሉ አንገቴ ላይ ሲያንጠባጥብ አደረ።

ውጭ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሲሆን ውስጡ ከዜሮ በታች 3 ነበር፤ ሙቀቱን የሚይዘው በበረዶው ቅንጣቶች መካከል የታመቀው አየር ነው። የሥራዬ ጉድለት የታየው ከታች ነበር። ሐሳቤ ሁሉ ጣሪያው ላይ ስለነበር ያነጠፍኩት አንዲት ስስ ፍራሽ ብቻ ነው፤ ቅዝቃዜው ከወለሉ ወደ ዳሌዬ እየዘለቀ እኩለ ሌሊት ላይ ቀሰቀሰኝ። ሻንጣዬን አራግፌ ከነገመዱ ከሥሬ ስጎዘጉዝ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

ከጣሪያው ላይ ጡጫ የሚያህል የአየር ቀዳዳ ከፍቼ ነበር፤ ውጭ ግን በረዶ መውረዱን አላቆመም። የታፈነ መጠለያ ውስጥ እሳት ማንደድ ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚገድል ምድጃዬን ውጭ ትቼው ነበር፤ ለመተንፈስም ቢሆን ቀዳዳው ያስፈልገኛል። ስለዚህ አንድ እንጨት በቀዳዳው ውስጥ ትቼ፣ በነቃሁ ቁጥር ከተኛሁበት እጄን ዘርግቼ እወዘውዘው ነበር።