ማሽኑ «ቀሪ» ያላቸው የጽዳት ሠራተኛ

መሥሪያ ቤታችን የአሻራ ማሽን ካስገባ በኋላ የአንዲት የጽዳት ባልደረባችን ደመወዝ ተቆረጠ። ማሽኑ በተደጋጋሚ «ቀሪ» ብሏቸዋል። የሰው ኃይል ኃላፊያችንም «ማሽን አይዋሽም» አሉ። ቢሮው በየጠዋቱ ተወልውሎ ይጠብቀናል፤ ማን እንደወለወለው ግን የጠየቀ የለም።

ሲስተሙን የምከታተለው እኔ ስለሆንኩ ጉዳዩ ወደ እኔ መጣ። ሴትዮዋን ጠርቼ ጣታቸውን እንዲያስቀምጡ ጠየቅኳቸው። ቀይ መብራት በራ። ደገሙት፤ ያው ቀይ። «ልጄ፣ በየቀኑ እንዲህ ነው የምታገለው» አሉኝ። መዝገቡን ስከፍተው እውነትም ያልተሳኩ ሙከራዎች ተደርድረዋል። ወርሃዊው ሪፖርት የሚያወጣው ግን የተሳኩትን ብቻ ነው።

ኃላፊው የጣታቸውን ምስል ስክሪን ላይ አይተው «ቅርጹ እኮ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ታዲያ ለምን አያነበውም?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

አሻራ በሦስት ዋና ዋና ቅርጾች ይመደባል። መስመሮቹ በአንድ ጎን ገብተው፣ ታጥፈው በዚያው ጎን ከወጡ ሉፕ ነው። ክብ እየሠሩ ከተጠመጠሙ ዎርል ይባላል። በአንድ ጎን ገብተው መሀል ላይ ከፍ ብለው በሌላው ከወጡ ደግሞ አርች። ከሰው ጣቶች 60 በመቶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሉፕ ናቸው፤ አርች 5 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ «ጣቱ ሉፕ ነው» ማለት «ሰውየው ጥቁር ጫማ አድርጓል» ከማለት ብዙም አይሻልም።

ቅርጹ የሚጠቅመው ፋይል ለመደርደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ሕንድ፣ ካልካታ ውስጥ የተከፈተው የአሻራ ቢሮ የአሥር ጣት ካርዶችን የሚመድበው የትኛው ጣት ላይ ዎርል እንዳለ እያየ ነበር። በዚህ መንገድ 1,024 ክፍሎች ይወጣሉ። ከስሌቱ ጀርባ ፖሊሱ አዚዙል ሃክ ነበር፤ ዘዴው የሚጠራው ግን በአለቃው በኤድዋርድ ሄንሪ ስም ነው። የመሥሪያ ቤት ነገር!

ሰውን ከሰው የሚለዩት ትንንሾቹ ነገሮች ናቸው፤ አንድ መስመር የት ላይ ያልቃል፣ የት ላይ ለሁለት ይከፈላል። ተመሳሳይ መንትዮችም የሚለዩት በዚሁ ነው። ማሽናችንም የሚፈልገው እነዚህን ነጥቦች ነው። በረኪናና ሳሙና የሴትዮዋን ጣት ስለላጉት ትልቁ ቅርጽ ባለበት ሆኖ ነጥቦቹ ጠፍተዋል።

ማሽኑን የሸጠልን ድርጅት ቴክኒሻን «ጥብቅነቱን ትንሽ እናላላው» አለ። አልተስማማሁም። ሲጠብቅ ባለቤቱን ይመልሳል፤ ሲላላ ሌላውን ያሳልፋል። ኃላፊው አሁንም ሲጠራጠሩ የብራንደን ሜይፊልድን ታሪክ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ኤፍቢአይ በማድሪዱ የባቡር ፍንዳታ የተገኘ አሻራ ያንተ ነው ብሎ ያሰረው አሜሪካዊ ጠበቃ ነው። አሻራው የሌላ ሰው ነበር፤ ኋላ ይቅርታ ተጠየቀ። ያውም እዚያ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ምስሉን በዓይናቸው አይተውት ነው።

እኛ ያደረግነው ቀላል ነው። ብዙም ያልተጎዳውን የግራ እጃቸውን የቀለበት ጣት መዘገብን፤ መጠባበቂያ ካርድም ሰጠናቸው። ጓንትም ተገዛ። የመስመሮቹ መሠረት ከላይኛው ቆዳ ሥር ስለሆነ፣ ጣቱ ከኬሚካል ካረፈ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳሉ። የተቆረጠው ደመወዝም ተከፈላቸው። አሁን ማሽኑ ሦስት ጊዜ እምቢ ካለ ጥበቃው ሰዓቱን በእጅ ይመዘግባል፤ ያልተሳኩት ሙከራዎችም በወሩ ሪፖርት ላይ ይወጣሉ።