የአጎቴ ኮርሳ ማርሽ

አጎቴ ኮርሳውን፣ የእሽቅድምድም ሳይክሉን ማለት ነው፣ ሲሰጠኝ "ዕቃው ኦሪጅናል ነው፣ ማንም እንዳይነካብህ" አለኝ። ሱሉልታ ግቢያችን ውስጥ ቆርቆሮ ስር ዓመታት ቆሞ የኖረ ነው። ፍሬኑ ይሠራል፣ ቸርኬውም ደህና ነው። ችግሩ ዳገት ላይ ነው። ወደ እንጦጦ ስወጣ ቀላል የሚባለው ማርሽ ራሱ ጉልበቴን ይጨርሰዋል።

የኋላውን ጥርስ በትልቅ ልቀይር ብዬ ከተማ አንድ ሱቅ ገባሁ። "ለሁሉም ሳይክል ይሆናል" ብለው ሸጡልኝ። ቤት ስሞክረው ጭራሽ አልገጥም አለ። ስመልሰው ደግሞ "የተሸጠ አይመለስም" ተባልኩ። በጣም ነው የተናደድኩት፤ አንድ ጥያቄ ቢጠይቁኝ ኖሮ ብሬም ቀኔም ይተርፍ ነበር።

ጥያቄው ይሄ ነው፦ ፍሪዊል ነው ካሴት? በድሮ ሳይክሎች ላይ ጥርሶቹ፣ ያ ትር ትር የሚለው ክፍል ሳይቀር፣ አንድ ላይ ሆነው ሞዞው ላይ፣ ማለትም ጎማው መሃል ያለው ክፍል ላይ፣ እንደ ብሎን ይጠመዘዛሉ። ይሄ ፍሪዊል ነው። በካሴት ግን ትር ትር የሚለው ክፍል ሞዞው ላይ ይቀራል፣ ጥርሶቹ ብቻ ተንሸራተው ይገባሉ። ለመለየት ጎማውን አውጡና መፍቻ የሚገባበትን ቦታ እያያችሁ ጥርሶቹን ወደ ኋላ አዙሩ። ቦታው አብሮ ከዞረ ካሴት፣ ካልዞረ ፍሪዊል። የእኔ አልዞረም።

ከዛ ቁጭ ብዬ ሁሉንም በናፍጣ ጠረግኩ። ከኋላው ማርሽ ቀያሪ ላይ ጭቃው ሲለቅ "ሺማኖ 600" የሚል ጽሑፍ ወጣ። ጀርባው ላይ ደግሞ በጥፍር የምትሸፈን ቦታ ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ፣ ኬ እና ሲ። ሺማኖ ያኔ የተሠራበትን ጊዜ በፊደል ነበር የሚያትመው፦ የመጀመሪያው ዓመት ነው፣ ኤ ማለት 1976 እ.ኤ.አ.፣ ሁለተኛው ወር። ስለዚህ ኬ 1986፣ ሲ ማርች። በእኛ 1978፣ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት። ለአጎቴ ስነግረው ዕቃውን ተቀብሎኝ ዝም ብሎ ሲያገላብጠው ቆየ።

ጥርሶቹን በጠመኔ ምልክት እያደረግኩ ቆጠርኩ። ከፊት ያሉት ሁለት ክቦች ባለ 52 እና ባለ 42 ጥርስ ናቸው፤ ከኋላ ስድስት ክቦች አሉ፣ ትንሹ 13 ጥርስ ትልቁ 24። በ42 እና በ24 ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው 1.75 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ለእንጦጦ ዳገት ይሄ ከባድ ነው። ትልቁ 28 ቢሆን 1.5 ይሆናል፣ እግር ላይ ልዩነቱ ይታወቃል።

የኋላው ጎማ የሚገባበትን ክፍተትም ለካሁ፣ 126 ሚሊሜትር። ከኋላ ስድስትና ሰባት ክብ የነበረበት ዘመን ልክ ይሄ ነው፤ ባለ 8 ክብ ሲመጣ 130 ሆነ። ስለዚህ "አዲስ ጎማ ግዛና ተገላገል" የሚላችሁን ቶሎ አትስሙት፣ የአዲሱ ሞዞ ከክፍተቱ ይሰፋል።

አሁን ባለ ስድስት ክብ፣ ከ14 እስከ 28 ጥርስ የሆነ ተጠምዛዥ ፍሪዊል አግኝቻለሁ። ክሩን ግሪስ ቀብቼ በእጄ ሳዞረው ሰተት ብሎ ገባ። የማርሽ ቀያሪው ክንድ አጭር ስለሆነ 28ቱን ሳይነካ ማለፉን መጀመሪያ ቆሞ፣ በእጄ እያዞርኩ አያለሁ። ካቴናውም ይለካል፤ ቅዳሜ ጠዋት ወደ እንጦጦ ነኝ።