ለስላሳ የጾም ዳቦ በአናናስና በኮኮናት ወተት (ያስቸገረኝ አናናሱ ነው)

በመጨረሻ ወጣልኝ! እንቁላል የለው፣ ወተት የለው፣ ቅቤ የለው፣ ግን ሲቆረስ ክር ክር እያለ የሚላቀቅ ትንንሽ ድቡልቡል ዳቦ። በማግስቱ ጠዋት ከሻይ ጋር ስበላው እንኳን ገና ለስላሳ ነበር። ለጾም የሚሆን ለስላሳ ዳቦ ፈልጎ ያጣ ሰው ደስታዬ ይገባዋል፣ ምክንያቱም ኢንተርኔት ላይ ያለው የለስላሳ ዳቦ አሰራር ሁሉ በወተትና በእንቁላል ነው የሚጀምረው።

መነሻዬ የሃዋይ ጣፋጭ ዳቦ ነው። ዳቦው ራሱ ከፖርቹጋል የሄደ ነው፣ በ1878 እንደ ፈረንጆች ከማዴይራ ደሴት ለሸንኮራ እርሻ ሥራ ሃዋይ የገቡ ሰዎች ናቸው ሙያውን ይዘው የሄዱት፣ ዛሬ ሰው ቤቱ ሲጋግረው የአናናስ ጭማቂ ይጨምርበታል። እኔም ወተቱን በኮኮናት ወተት፣ ቅቤውን በዘይት ቀይሬ፣ ኮረሪማ ትንሽ ነስንሼ ልሞክረው አልኩ። የመጀመሪያዎቹን ወራት እንዝለላቸው፣ እርሾ እንዴት እንደሚነሳ፣ ሊጥ እንዴት እንደሚታሽ ምናምን ሁሉም ሰው የሚያልፍበት ነው።

ዋናው ጉድ አናናሱ ነው። ዘመድ ከዲላ ሲመጣ መንገድ ላይ ከጩኮ አካባቢ የገዛውን አናናስ ይዞልኝ መጣ፣ ሽታው ቤቱን ሞላው፣ በብሌንደር ፈጭቼ አጥልዬ ሊጡ ውስጥ ጨመርኩት። መጀመሪያ ሲታሽ ምንም አይልም፣ እንዲያውም ያምራል። ሸፍኜው ትንሽ ቆይቼ ስገልጠው ግን ላዩ ረጥቦ ያብረቀርቃል፣ በጣቴ ሳነሳው መለጠጥ ትቶ ብጥስ ብጥስ ይላል። ዱቄት ጨመርኩ፣ ለጊዜው ጠበቅ አለ፣ ከዛ ተመልሶ ላላ። እንደገና ዱቄት። እንደገና ላላ። እናቴ ብቅ ብላ አየችውና «ይሄ ለዳቦ ነው ለአጥሚት?» አለችኝ። ኦቨን ሲገባ ደግሞ ወደ ላይ መነሳቱን ትቶ ወደ ጎን ተኛ።

ዱቄት ቀየርኩ፣ እርሾ ቀየርኩ፣ ውሃ ቀነስኩ፣ የከተማው ከፍታ ነው ብዬም አሰብኩ። ነገሩ የተገለጠልኝ አናናስ ስላልነበረ የታሸገ የቆርቆሮ ጭማቂ የተጠቀምኩ ቀን ነው፣ ያው ዱቄት፣ ያው እርሾ፣ ያው ልክ፣ ሊጡ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ።

ጥሬ አናናስ ውስጥ ብሮሜሌይን የሚባል ኢንዛይም አለ፣ ሥራው ፕሮቲን መቆራረጥ ነው። አናናስ ብዙ ስትበሉ ምላሳችሁን የሚያቃጥላችሁ አንዱ ምክንያት እሱ ነው፣ ሥጋ ለማለስለስ የሚጠቀሙበትም ለዚህ ነው፣ ጄሎ (በጄላቲን የሚረጋ ጣፋጭ) ውስጥ ጥሬ አናናስ ከገባም አይረጋም። የስንዴ ሊጥን አያይዞ የሚያቆመው ግሉተን ደግሞ ፕሮቲን ነው። እኔ እያሸሁ የምሠራውን እሱ ከስር ከስር እየበጣጠሰ ያፈርስልኛል ማለት ነው! የታሸገው ጭማቂ ሲዘጋጅ በሙቀት ስለሚያልፍ ኢንዛይሙ ሞቷል። ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ግን ምንም አይረዳም፣ ሲቀልጥ ያው ሥራውን ይቀጥላል። ጥሬ ፓፓያም የራሱ ፓፓዬን የሚባል አለው፣ ተመሳሳይ ነው። የአርባ ምንጭ ማንጎ ጨምሬ አይቻለሁ፣ እሱ ሊጤን አላበላሸብኝም።

ስለዚህ አሁን ጭማቂውን አጥልዬ ድስት ላይ አፈላዋለሁ፣ እየተንተከተከ ሲሶው እስኪጎድል ድረስ። ኢንዛይሙ ለመሞት ያን ያህል አይፈልግም፣ ግን ሲቀንስ ጣዕሙ ይጠነክራል፣ ውሃ ውሃ የሚለው ይጠፋል። ከዛ በደንብ ይቀዝቅዝ፣ ትኩሱን ከጨመራችሁት እርሾው አለቀለት።

ሌላው ሚስጥር ልስላሴው ነው። ከ500 ግራም ፉርኖ ዱቄት ላይ 25 ግራሙን አንስቼ በ125 ግራም ውሃ እሳት ላይ እያማሰልኩ እንደ ገንፎ ሳይሆን እንደ ወፍራም ሾርባ እስኪሆን አበስለዋለሁ፣ ቀዝቅዞ ሊጡ ውስጥ ይገባል። እስያዎቹ ታንግዦንግ ይሉታል። የበሰለ ዱቄት ብዙ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ዳቦው ቶሎ አይደርቅም። ይሄን ለእናቴ በኩራት ሳስረዳት «ታዲያ አብሲት አይደል እንዴ?» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። እውነቷን ነው፣ የጤፉን ሊጥ ትንሽ አብስለን የምንመልሰው ነገር ነው፣ እኔ ቪዲዮ ላይ ነው የተማርኩት።

የቀረው፦ የተቀነሰ የአናናስ ጭማቂ 100 ግራም፣ የኮኮናት ወተት 150፣ ስኳር 70፣ ዘይት 30፣ ጨው 8፣ ደረቅ እርሾ 6፣ ኮረሪማ እንደ ፍላጎት። የኮኮናት ወተቱን ቆርቆሮ ከመክፈታችሁ በፊት በደንብ ናጡት፣ በብርድ ጊዜ ስቡ ላይ ይረጋና ከስር የሚቀዳው ውሃው ብቻ ይሆናል። ሁሉንም በሚዛን ነው የምለው፣ ፈሳሹንም ጭምር። «በስኒ» የሚል አሰራር አልሞክርም፣ ይቅርታ፣ የማን ስኒ? ዱቄት ተጠቅጥቆ ሲሰፈርና ተነፍቶ ሲሰፈር ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። አነስተኛ የዲጂታል ሚዛን ከሚክሰር በፊት ግዙ፣ ማሸቱን እጅ ይችለዋል።

አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ፣ የውጭ አሰራሮች የዳቦው ውስጥ 95 ዲግሪ ሲደርስ አውጡ ይላሉ። እዚህ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ 95ን ስትጠብቁ ዳቦው ደርቆ ያልቃል። እኔ በ180 ዲግሪ ኦቨን ጋግሬ ውስጡ 89 ሲል አወጣለሁ። ኩፍ የሚለውም እዚህ ፈጠን ስለሚል ሰዓት ሳይሆን ሊጡን እዩ፣ እጥፍ ከሆነ በቃ።

እስካሁን ያልተፈታልኝ መልኩ ነው። እንቁላል ስለማይቀባ ላዩ ነጣ ይላል። የኮኮናት ወተት በስኳር ቀብቼ ሞከርኩ፣ ቦታ ቦታ ጠቁሮ ቦታ ቦታ ነጭ ቀረ። ለጊዜው ከኦቨን እንደወጣ ከተረፈው የአናናስ ጭማቂ በስኳር አወፍሬ እቀባዋለሁ፣ ያብረቀርቃል፣ ግን ቡናማ አይሆንም፣ በዛ ላይ እጅ ላይ ይጣበቃል። የጾም ዳቦ ላዩን ጥሩ አድርጎ የሚያቀላ ሰው ካለ በምን እንደሚቀባ ይንገረኝ። በሻይ ብቻ አትበሉኝ፣ እሱን ሞክሬዋለሁ።