ማርቆስን ይዘህልኝ ና

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! 2018ን የጤናና የሰላም ያድርግልን። የዶሮውን ዋጋ ዛሬ አናነሳም፤ ዓመቱን ሙሉ የምናነሳው ጉዳይ ነው።

ሰሞኑን ስለ ተሸኚውና ስለ ገቢው ወንጌላዊ ሳስብ ሰነበትኩ። ማቴዎስ ቀራጭ ነበር። ጌታ ቤቱ ገብቶ ማዕድ ሲቀርብ ፈሪሳውያን «መምህራችሁ ከቀራጮች ጋር ስለ ምን ይበላል?» ያሉበት ሰው ነው። የጉድፉንና የምሰሶውን ነገር በምዕራፍ 7 የጻፈልንም እሱ ነው። ማርቆስ ደግሞ ጳውሎስንና በርናባስን ጵንፍልያ ላይ ትቷቸው ተመልሷል። ጳውሎስ በሌላ ጊዜ «እሱንማ አልወስድም» ብሎ ከበርናባስ ጋር እስከ መለያየት ደረሱ። በርናባስ ግን ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ ተሻገረ። ያው ጳውሎስ ከዓመታት በኋላ ታስሮ ሳለ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ማርቆስን ይዘህልኝ ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል አለ።

የእኛ ሰፈር በርናባስ እማማ ነበሩ። የካቲት ላይ አጣናቸው።

ካዛንቺስ የነበራችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ቡና ላይ የሌለ ሰው ስም ሲነሳ አይቆጡም፤ አንድ ስኒ ይሞሉና ረከቦቱ ዳር አስቀምጠው «ይሄ የእሷ ነው፤ አንዳችሁ ጥሯት፣ እየጠጣች ትስማችሁ» ይላሉ። የሚነሳ የለም። ወሬው እዚያው ይሞታል።

የዕቁብ ገንዘብ ይዛ የጠፋች ጎረቤት ነበረችን። (ልጻፈው ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ፤ «ጻፊው፣ ስሜን ብቻ ተይው» ብላኛለች።) ሰፈሩ ፈርዶ ጨረሰ፤ ልጆቿ ሳይቀሩ የሌባ ልጅ ተባሉ። እማማ ያለችበትን አጠያይቀው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። እሷ እንደነገረችኝ፣ ገና ሲቀመጡ ያወሩላት የራሳቸውን ጉድ ነው፤ በልጅነታቸው ያደረጉትን፣ ከንስሐ አባታቸው በቀር ማንም ያልሰማውን። ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ከዚያ በኋላ ነው «ገንዘቡ የሰው ነው፣ ትመልሺያለሽ» ያሏት። እየቆራረጠች መለሰች።

«አትፍረዱ» የምትለዋን ቃል የአፍ መዝጊያ ያደረግናት ብዙ ነን። ጌታ ግን ጉድፉ እዚያው ይቅር አላለም፤ አስቀድመህ የራስህን ምሰሶ አውጣ፣ ከዚያ አጥርተህ ታያለህ ነው ያለው። ጉድፍ ለማውጣት ደግሞ ቀረብ ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ከመንገድ ማዶ ሆኖ የሰው ዓይን የጠረገ አላየሁም።

እና እናንተ፣ በፍልሰታ ሱባኤ ይዛችሁ ማታ ማታ ቲክቶክ ላይ የማታውቋትን ልጅ ስትወግሩ የከረማችሁ፣ ለእናንተም መልካም አዲስ ዓመት። አንዳንዶቻችሁን ዑራኤል ቅጥር ግቢ በየሳምንቱ አያችኋለሁ። ይሄም ፍርድ ነው ካላችሁኝ፣ ኑና ቡና እየጠጣን ንገሩኝ።

ምስጋናዬ ለዕድራችን ሰዎች ነው። ሰፈሩ ተነስቶ ግማሻችን ገላን ጉራ፣ ግማሻችን በየኪራይ ቤቱ ስንበተን፣ ዕድሩም አለቀለት ብለን ነበር። ድንኳኑን ጭነው ገላን ጉራ ተከሉት። ጡሩንባ ነፊያችን በየትኛው መንደር ዞሮ ይንፋ? ስልክ ይዞ ሌሊቱን አንድ በአንድ ደወለልን፤ እግዜር ይስጥህ። አርባቸው ድረስ ከደጃቸው ያልጠፉት የንስሐ አባታቸውም ዕድሜ ይስጥልን። ንፍሮውን ቀቅላ፣ ለቀስተኛውን አስተናግዳ፣ ሦስት ቀን ጎኗ መሬት ያልነካው ያቺው ጎረቤታችን ናት።

ገላን ጉራ ያሉት ደግሞ አዲስ ዕቁብ ጀምረዋል። ጸሐፊ ሲመረጥ እጅ የወጣው ለእሷ ነው። አንድ ሁለት ሰው አጉረምርሟል፤ ቢሆንም እሷው ፊት ነው ያጉረመረሙት፣ እማማ ይህን ቢያዩ ደስ ይላቸው ነበር። እኔም ግማሽ ዕጣ ገብቻለሁ። ቀን ያሳለፈ ቅጣት አለበት፣ የበዓል ወጪ ነበረብኝ የሚባል ምክንያት አልሰማም ብላ ከወዲሁ አስጠንቅቃኛለች።