ግንበኛ ከወጣ በኋላ ሌሊት የሚጮኽ አላርም
የአላርም ጥገና ልምምዴ ሰሞኑን ወደ ጎረቤቴ ወደ እትዬ ቤት ወሰደኝ። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ። ከጓሮ ሰርቪስ ቤት ተሠርቷል፣ የሳሎኑ ግድግዳ እንደገና ተለስኗል፣ የጓሮው የእንጨት በርም በላሜራ ተቀይሯል። ግንበኞቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ከወጡ ወዲህ አላርሙ ሌሊት ሌሊት ይጮኻል፣ በተለይ ውርጩ ሲበረታ ወደ ንጋት ላይ። እትዬ ተማርረው «ይኼን ጉድ ንቀልልኝና ደህና ውሻ ፈልግልኝ» ነው ያሉኝ።

እንዲህ ሲሆን አብዛኛው ሰው ሴንሰር ወደ መቀየር ይሮጣል። እኔ ግን ከግንባታ በፊት ደህና የነበረ አላርም ከግንባታ በኋላ ካስቸገረ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው የግንበኛ እጅ የነካውን ነው፤ ሽቦውን፣ በሩን፣ አቧራውን።

ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ነገር። ቦርዱን (የአላርሙን መቆጣጠሪያ) በቴክኒሻን ኮድ ወደ ጥገና አስገቡት፣ ከዚያ 220 ቮልቱን ከሳልቫቪታው (ከመብራት ማቋረጫው) አጥፉ፣ ቀጥሎ የባትሪውን ሽቦ ንቀሉ። የውጭው ሳይረን ብዙ ጊዜ የራሱ ባትሪ ስላለው ቦርዱ ጥገና ላይ ሳይገባ ሽቦው ሲነቀል ሌባ የቆረጠው መስሎት ሰፈሩን ያናውጣል።

የቦርዱ መዝገብ ሁሌ የሚያሳየው የጓሮውን በር ዞን (የበሩን ሴንሰር መስመር) ነበር። ስለዚህ የዞኑን ሁለት ሽቦዎች ከሞርሴቶው (ከሽቦ ማሰሪያው) ፈትቼ በቴስተር ለካሁ። በዚህ ቦርድ ላይ የመስመሩ መጨረሻ ላይ 5.6 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ማለትም ቦርዱ መስመሩ ደህና መሆኑን የሚለይበት ትንሽ ዕቃ፣ አለ (ሌላው ቦርድ 2.2 ወይም 4.7 ሊፈልግ ይችላል)፤ በሩ ተዘግቶ ስትለኩ ከዚያ ብዙም ያልራቀ ቁጥር መምጣት አለበት። በጣም ከበዛ ሽቦው የሆነ ቦታ ላልቷል ወይም ዝጓል። ካነሰ እርጥብ ልስን ውስጥ ሁለቱ ሽቦዎች እየተገናኙ ነው። ምንም ካላነበበ ተቆርጧል፣ ወይም በሩ ላይ ያለው ማግኔት ሴንሰሩን አልያዘም። ዜሮ ከሆነ ሾርት ነው። ሬዚስተሩን ለመገላገል ቦርዱ ሳጥን ውስጥ ያሰሩ ባለሙያዎች አጋጥመውኛል፤ ያኔ ሽቦው መንገድ ላይ ሾርት ቢያደርግ ቦርዱ «በሩ ዝግ ነው» ብሎ ዝም ይላል። ይኼ ከሚጮኸው አላርም ይብሳል።

የእትዬ ቤት ቁጥር ጠዋት ጠዋት ከ6 ኪሎ ኦም በላይ ወጥቶ ይዋልላል፣ ግድግዳው መታ መታ ሲደረግ ደግሞ ለቅጽበት ጨርሶ ይጠፋል። ቀን ፀሐይ ሲመታው ይረጋጋል። ኮርኒስ ላይ ያለውን ስካቶላ (የሽቦ መገናኛ ሳጥን) ከፍቼ መስመሩን ለሁለት ከፈልኩት፤ ከቦርድ እስከ ስካቶላ ያለውን ጫፉን አገናኝቼ ስለካ 3 ኦም ገደማ አነበበ፣ ለ20 ሜትር ቀጭን የአላርም ሽቦ ደርሶ መልስ ትክክለኛ ነው። ከስካቶላ እስከ በሩ ያለው ግን እንደዚያው ስለካው፣ ከዚያ አጭር ሆኖ ሳለ፣ በመቶዎች ኦም ይዘላል። ጥፋቱ እዚያ ነው ማለት ነው፣ አዲሱ ልስን ውስጥ።

እትዬን አስፈቅጄ ልስኑን በመሮ ትንሽ ፈለፈልኩ። ሰርቪሱን ሲያያይዙ ሽቦውን በጥሰውት ኖሯል። በጥሰው ደግሞ ዝም ብለው ጠምዝዘው፣ ናስትሮ እንኳ ሳይሆን የፌስታል ቁራጭ ጠቅልለውበት፣ በላዩ ለስነውበታል! ፌስታሉ ሲፈታ ውስጡ የሲሚንቶ ውሃ አቁሯል፣ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። በርዶ ሲኮማተር ይላቀቃል፣ ሲሞቅ ይነካካል። ቆርጬ፣ በእርሳስ በይጄ፣ ስካቶላ አስገብቼ ዳግም የሚከፈት ክዳን አደረግሁበት።

ቁጥሩ ተስተካክሎም ነፋስ ባለበት ሌሊት አሁንም አንድ አንዴ ይጮኽ ነበር። ይኼኛው የላሜራው በር ነው። የድሮውን ማግኔት ከእንጨቱ ነቅለው ብረቱ ላይ ቀጥታ ለጥፈውታል፤ ብረት ደግሞ የማግኔቱን ኃይል ወደ ራሱ ስለሚስብ፣ እንጨት ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይይዝ የነበረው ብረት ላይ ብዙ ቀርቦ ካልሆነ አይዝም። በሩ በነፋስ ትንሽ ሲንገዳገድ ይለቃል። ከማግኔቱም ከሴንሰሩም ሥር የፕላስቲክ ቁራጭ አስገብቼ ከብረቱ አራቅኋቸው፣ ርቀቱንም አጠበብኩ። ከዚያ ወዲህ የበሩ ዞን ዝም ብሏል።

የሳሎኑ እንቅስቃሴ ሴንሰር የፊት ፕላስቲኩ በስቱኮ አቧራ ደብዝዞ ነበር፤ በለስላሳ ጨርቅ ጠረግሁት፣ ሌላ ችግር የለበትም። የቦርዱ ባትሪ ግን አልተሳካም። በግንባታው ወቅት መብራቱ ቶሎ ቶሎ ሲቋረጥ ተሟጦ ከርሟል መሰለኝ፤ ቻርጅ ላይ ሳለ 13.7 ቮልት ያሳያል፣ 220ው ሲጠፋ ግን ወዲያው ከ11 በታች ይወርዳል። ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት አዲስ እንዲገዛ ነግሬያቸዋለሁ።

ቀጥሎ መሞከር የምፈልገው ሁለት ሬዚስተር የሚጠቀመውን አሠራር ነው፤ አንደኛው መስመሩ ላይ፣ ሌላኛው በማግኔት ሴንሰሩ ጎን ለጎን፣ ቦርዱ የበር መከፈትን ከሽቦ መቆረጥ ለይቶ እንዲያውቅ። ላሜራ በር ላይ ሠርታችሁ የምታውቁ ካላችሁ ሁለተኛውን ሬዚስተር የት እንደደበቃችሁት ጻፉልኝ፣ የበሩ ፍሬም ውስጥ ቦታ አጥቼለታለሁ።